ኢ-ጀስቲስ ፖርታል ከልደታ ሲታይ፦ የአውሮፓን የወንጀል ፍርድ ቤት ወረቀት ለያዘ ሰው ምን ያህል ይረዳል?

ልደታ አካባቢ ባሉ የጥብቅና ቢሮዎች ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከጣሊያን በቴሌግራም የተላከ የፍርድ ቤት ወረቀት ፎቶ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ጥያቄውም ያው ነው፦ ይህ የትኛው ፍርድ ቤት ነው? ልጁ ተፈርዶበታል ወይስ ገና መከሰሱ ነው? እስከ መቼ መልስ መስጠት አለበት? በነጻ ከሚገኙት ምንጮች መካከል ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው የአውሮፓ ኅብረት ኢ-ጀስቲስ ፖርታል የተባለው ድረ ገጽ ነው። እዚህ የምንገመግመው የወንጀል ክፍሉን ብቻ ነው፤ ስለ ውርስ፣ ስለ ፍቺና ስለ ንግድ መዝገብ የያዘው ብዙ ነውና እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ፖርታሉን የሚያስተዳድረው የአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2010 ሲሆን በ24ቱ የኅብረቱ ቋንቋዎች ይነበባል። አማርኛ የለም። የየአገሩን ገጽ የሚያዘጋጀው አገሩ ራሱ ነው፤ ኮሚሽኑ ያስተረጉመዋል። ጥንካሬውም ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ጸሐፊው የራሱን ሕግ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ መሠረታዊው ነገር አይዛነፍም። ነገር ግን አንዱ አገር እስከ ጥግ ሲያብራራ ሌላው በሦስት መስመር ያልፈዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጽፈው የአገሩን ሥርዓት በልጅነቱ ለሚያውቅ አንባቢ ነው።

ሲገቡ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሉ፤ ብዙ ሰው ይደባልቃቸዋል። አንደኛው የየአገሩን የፍርድ ቤት አደረጃጀት ይዘረዝራል። ሁለተኛው የተከሳሽን መብት ከምርመራ እስከ ይግባኝ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከሁለተኛው ጀምሩ። የአደረጃጀቱ ገጽ የፍርድ ቤቶችን ስምና መሰላል ያሳያል እንጂ ሰውየው መሰላሉ ላይ የት እንደቆመ አይነግርም። ደግሞም እኛ መሰላል ስናይ የሚመጣልን የራሳችን ነው፦ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ፣ በላዩ ሰበር። በዚህ ዓይን አውሮፓን ማንበብ ነው ትልቁ ወጥመድ።

ጀርመንን እንውሰድ። ታች ያለው አምትስገሪኽት ነው። ከ2 ዓመት የማይበልጥ እስራት የሚጠበቅበትን ጉዳይ አንድ ዳኛ ብቻውን ያያል። ከ2 እስከ 4 ዓመት የሚጠበቅ ከሆነ አንድ ዳኛ ከሁለት ሼፈን ጋር ይሰየማል፤ ሼፈን የሚባሉት ከሕዝብ የተመረጡ፣ ሕግ ያልተማሩ፣ ድምፃቸው ግን ከዳኛው እኩል የሆነ ሰዎች ናቸው። ይህ ፍርድ ቤት ከ4 ዓመት በላይ መቅጣት አይችልም። ከዚያ የከበደው፣ ለምሳሌ ነፍስ ግድያ፣ በቀጥታ ላንድገሪኽት ይጀመራል፤ እዚያ እንደ ጉዳዩ ሁለት ወይም ሦስት ዳኞች (በግድያ ሦስት) ከሁለት ሼፈን ጋር ይቀመጣሉ። እስከዚህ ከእኛ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ይግባኝ ላይ ነው። ከአምትስገሪኽት ይግባኝ ሲባል ላንድገሪኽት ምስክር እንደገና ሰምቶ ጉዳዩን ከሥር ያያል፤ ከዚያም በሕግ ነጥብ ከላንድገሪኽት በላይ ወዳለው ኦበርላንድስገሪኽት መሄድ ይቻላል። ላንድገሪኽት የጀመረው ከባድ ጉዳይ ግን ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በሕግ ስህተት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ወደ ፌደራሉ ቡንደስገሪኽትስሆፍ መሄድ። ምስክር እንደገና አይሰማም። በሱቅ ሌብነት የተፈረደበት ሰው ፍሬ ነገሩ ሁለት ጊዜ ሲመረመርለት በግድያ የተፈረደበት አንዴ ብቻ ነው የሚመረመርለት ማለት ነው። የአዲስ አበባ ቤተሰብ «ግድ የለም፣ ይግባኝ ላይ ምስክር እናመጣለን» ብሎ ከተቀመጠ በዚህ ምክንያት መጨረሻው ከባድ ነው። ፖርታሉ ይህን ይጽፈዋል፤ እንዲህ ጎላ አድርጎ ግን አያሳይም። ሁለቱንም የይግባኝ ዓይነት በሰባት ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ የሕግ ነጥቡ ይግባኝ ምክንያት ደግሞ በጠበቃ ተጽፎ ወይም በፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይገባል።

የጀርመን ወረቀት ሲመጣ የቱ ፍርድ ቤት እንደያዘው ለማወቅ ፖርታሉም አያስፈልግም። የመዝገብ ቁጥሩ መሀል ያሉትን ፊደሎች ተመልከቱ። ጄኤስ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ነው፤ ገና ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ይህን ብቻ ይዞ ይታያል። ዲኤስ ካለ አንድ ዳኛ ብቻውን ያየዋል። ኤልኤስ ከሁለት ሼፈን ጋር ነው። ኬኤልኤስ የላንድገሪኽት ትልቁ ችሎት፣ ኬኤስ ደግሞ የግድያ ችሎት ነው። ሲኤስ ካያችሁ ሰዓት ተመልከቱ። እሱ ሽትራፍበፌል ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ጠይቆ ዳኛ ያለ ችሎት በወረቀት የሚፈርምበት የቅጣት ትእዛዝ።

ስለ ሽትራፍበፌል ትንሽ እንቆይ፤ ከአውሮፓ ወረቀት ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የገንዘብ ቅጣት ይጥላል፤ ተከሳሹ ጠበቃ ካለው እስከ 1 ዓመት የታገደ እስራትም ሊይዝ ይችላል። የሚደርሰው በቢጫ ፖስታ ነው። ፖስተኛው የሰጠበትን ወይም ሳጥን ውስጥ የከተተበትን ቀን በእጁ ፖስታው ላይ ይጽፋል፤ የመቃወሚያው ሁለት ሳምንት የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ከታተመው ቀን አይደለም፤ ሰውየው ከፈተበት ቀንም አይደለም። ፖስታው ከተጣለ ማስረጃው ተጣለ። ተቃውሞው አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ነገር ግን በጀርመንኛ ይሁን፤ በሁለት ሳምንቱ ውስጥም ፍርድ ቤቱ ደጃፍ መድረስ አለበት፤ ፖስታ ቤት መስጠት ብቻውን አይበቃም። ካልተቃወመ ትእዛዙ እንደ ማንኛውም የጸና ፍርድ ይሆናል። ከተቃወመ መደበኛ ችሎት ይጠራል። እዚህ ሁለት አደጋ አለ። ዳኛው በትእዛዙ አይታሰርም፤ ቅጣቱን ሊያከብደው ይችላል። ተከሳሹ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረና ጠበቃም ካልወከለ ደግሞ ተቃውሞው ውድቅ ይሆናል።

ቅጣቱ የሚጻፈው በቀን ተባዝቶ ነው፤ ለምሳሌ 60 ቀን በ15 ዩሮ። የቀኑ ቁጥር የጥፋቱን ክብደት፣ የዩሮው መጠን የሰውየውን ገቢ ያሳያል። ሥራ የሌለው ሰው በግምት ከፍ ያለ ዩሮ ከተጻፈበት ተቃውሞውን በዚያች መጠን ላይ ብቻ መወሰን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣውም እሱ ነው። የቀኑ ቁጥር ከ90 ካልበለጠና ሌላ ቅጣት ካልተመዘገበበት ደግሞ ለአሠሪ በሚቀርበው መደበኛ የወንጀል ነጻነት ማስረጃ ላይ አይወጣም።

ፈረንሳይ በሌላ መልኩ ታታልላለች። ወንጀልን በሦስት ትከፍላለች፤ ፍርድ ቤቱንም በዚያው ልክ። ቀላል ደንብ መተላለፍ በፖሊስ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ስሙ እንጂ ፖሊስ አይዳኝበትም። እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣው በትሪቢናል ኮረክስዮኔል፣ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ወንጀል በኩር ዳሲዝ። ኩር ዳሲዝ ሦስት ዳኞችና ከመራጮች ዝርዝር በዕጣ የወጡ ስድስት ዜጎች አብረው የሚወስኑበት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ከዚያ ወደ ሰበር ካልሆነ በቀር ይግባኝ አልነበረም፤ አሁን አለ፤ የሚታየው በሌላ ኩር ዳሲዝ ሲሆን ዜጎቹ ዘጠኝ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል በአብዛኛው ዜጎች በሌሉበት፣ በአምስት ዳኞች ችሎት ይታያል። ከዚያ በፊት የተጻፈ የማብራሪያ ጽሑፍ የያዘ ሰው አስገድዶ መድፈርን የሚያየው የዜጎች ችሎት ነው ብሎ ይጠብቃል። የይግባኝ ጊዜው 10 ቀን ነው። እዚህ የ1954 ዓ.ም.ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 187 ያስለመደን ሌላ ነው፤ ይግባኝ ባይነትን በ15 ቀን ማሳወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ማመልከቻውን ማስገባት። ግልባጭ እስኪደርስ የመጠበቅ ልማድ ይዞ ፓሪስ የሚያስብ ሰው ቀኑ ያልፍበታል።

ፖርታሉ ጎላ አድርጎ የማያሳየው፣ ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ጉዳይ የችሎቱ ቅደም ተከተል ነው። የእኛ ሕግ የተሠራው ከሁለት ወገን ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ሲሆኑ ሥነ ሥርዓቱ ግን ብዙ የእንግሊዝ መልክ አለው። ስለዚህ ልደታ ችሎት የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው፦ ተከሳሹ እምነት ክህደቱን ይጠየቃል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ይሰማል፣ ከዚያ ፍርድ ቤቱ ወይ «ይከላከል» ይላል ወይ በነጻ ያሰናብታል፣ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የቅጣት አስተያየት ይቀርባል። ቤተሰብ ወደ ፍራንክፈርት ደውሎ «ይከላከል ተባለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ጠበቃው የማይገባው ለዚህ ነው። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ስዊድንና ኔዘርላንድስ ውስጥ እንዲህ ያለ የመሀል ብይን የለም። ጀርመንና ፈረንሳይ ላይ መዝገቡን አስቀድሞ አንብቦ የመጣው ሰብሳቢ ዳኛ ራሱ ተከሳሹን ይጠይቃል። ጀርመን ውስጥ ማመን ብቻውን ችሎቱን አይዘጋም፤ ፍርድ ቤቱ እውነቱን የማጣራት ግዴታ አለበት።

ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። በእነዚህ አገሮች ጥፋተኝነትና ቅጣት የሚወሰኑት በአንድ ምክክር ነው፤ የሚነበቡትም አንድ ላይ። «ጥፋተኛ ነህ፣ አሁን ማቅለያ አቅርብ» የሚባልበት ሌላ ቀጠሮ የለም። እናት የታመሙበት የሆስፒታል ማስረጃ፣ ከወረዳ የወጣ የቤተሰብ ሁኔታ ማስረጃ፣ የቀድሞ አሠሪ ደብዳቤ፣ ሁሉም ክርክሩ ከመዘጋቱ በፊት ተተርጉሞ በጠበቃው እጅ መግባት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ማስረጃውን ማውጣት፣ ማረጋገጥና ማስተርጎም ራሱ ሳምንታት ይፈጃል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ1 ዓመት የማይበልጥ እስራት የሚጥለው ነጠላ ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በቃል ይፈርዳል፤ ሦስት ዳኞች ያሉበት ችሎትም ክርክሩ በተዘጋ በ14 ቀን ውስጥ። ፈረንሳይ ደግሞ ከፖሊስ ጣቢያ በቀጥታ ወደ ችሎት የሚወሰድበት ፈጣን ሥርዓት አለ፤ ተከሳሹ በጠበቃ ፊት ዛሬ መዳኘት አልፈልግም ብሎ የመዘጋጃ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ይህን የመጠየቅ መብት ፖርታሉ ላይ ፈልጎ ማንበብ ተገቢ ነው። ካልተጠየቀ የአዲስ አበባው ሰነድ የሚደርሰው ከፍርዱ በኋላ ነው።

ሕዝብ ችሎት ላይ የሚቀመጥበትን መንገድ የአደረጃጀቱ ገጽ ደህና አድርጎ ያሳያል። ስዊድን በታችኛው ፍርድ ቤት አንድ ዳኛና በየከተማው ምክር ቤት ለ4 ዓመት የሚመረጡ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ድምፅ ሁለት ለሁለት ከተከፈለ ለተከሳሹ የቀለለው ያሸንፋል። ጣሊያን በከባድ ወንጀል ሁለት ዳኞችና ስድስት ዜጎች፤ ዜጎቹ ባለ ሦስት ቀለም የሰንደቅ ዓላማ መታጠቂያ በትከሻቸው አድርገው ስለሚቀመጡ የችሎት ፎቶ ብቻ ዓይቶ መለየት ይቻላል። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ለተወሰኑ ወንጀሎች ዘጠኝ ዜጎች ይፈርዳሉ፤ ጥፋተኛ ለማለት ሰባት ድምፅ ያስፈልጋል። ኔዘርላንድስ ማንም ዜጋ አይቀመጥም። ፖርታሉ እነዚህን ቁጥሮች ይሰጣል፤ ትርጉማቸውን ግን ለአንባቢው ይተዋል። ጀርመን ውስጥ ለጥፋተኝነት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አምስት ሰው በሚቀመጥበት ችሎት አራት ድምፅ ማለት ነውና ሁለቱ ሼፈን አብረው ከቆሙ ጥፋተኝነትን ማስቀረት ይችላሉ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ደግሞ ሁለቱ ሼፈን ዳኛው ባይስማማም ጥፋተኛ ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ጠበቃው የሚናገረው ለሰብሳቢው ብቻ መሆን የለበትም። ይህን የሚያውቅ ጠበቃ እንደያዛችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ መርማሪ ዳኛ ግን በአጭሩ። ፊልም ላይ የምናየው፣ ራሱ የሚመረምር የአውሮፓ ዳኛ በብዙ ቦታ የለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ጣሊያን በ1989 አስቀርተውታል። ፈረንሳይ ለከባድ ወንጀል ግዴታ ነው፤ ለሌላው እምብዛም አይሾምም። ስፔን አሁንም ምርመራውን የሚመራው ዳኛ ነው።

ፖርታሉ ገንዘብ የሚያድንላችሁ ትርጉም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቁጥር 64 በወንጀል ጉዳይ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አስተርጓሚ እንዲያገኝ፣ ዋና ዋና ሰነዶችም በጽሑፍ እንዲተረጎሙለት ያስገድዳል። ዋና የተባሉትንም ይጠራቸዋል፦ ነጻነት የሚነፍግ ትእዛዝ፣ የክስ ማመልከቻ፣ ፍርድ። ወጪው የመንግሥት ነው፤ ተከሳሹ ቢፈረድበትም። አዲስ አበባ ውስጥ የጀርመንኛ ክስ በገጽ እየተከፈለ ሲተረጎም እናያለን፤ ሰውየው እዚያው በጽሑፍ ቢጠይቅ በነጻ ያገኘው ነበር። እዚህ ማስተርጎም የሚያስፈልገው ቤተሰቡ ራሱ እንዲረዳው ወይም ከዚህ የሚላከው ሰነድ ሲሆን ነው። በ2012 የወጣው መመሪያ ቁጥር 13 ደግሞ የታሰረ ሰው መብቱ በጽሑፍ፣ በሚረዳው ቋንቋ እንዲሰጠው ይላል፤ የአማርኛው ቅጂ እጃቸው ላይ ከሌለ በቃል ነግረው ጽሑፉን ሳይዘገዩ ማምጣት አለባቸው። በ2013 የወጣው ቁጥር 48 ጠበቃ የማግኘትን፣ ለአንድ ሰው መታሰሩን የማሳወቅንና ከኤምባሲ ጋር የመገናኘትን መብት ይዟል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዴንማርክ በሦስቱም አትገዛም፤ አየርላንድ ሁለቱን ተቀብላ የመጨረሻውን አልተቀበለችም። የእነዚህን ሁለት አገሮች ገጽ ስታነቡ ከሌሎቹ የተለየ ነገር ብታዩ ስህተት አይደለም።

ስዊድን ላይ ግን መብቱ ተጽፎም ቤተሰብ ለወራት ድምፅ ሊያጣ ይችላል። ተጠርጣሪው ከተያዘ በ4 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከዚያም ክስ እስኪመሠረት ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ መታሰሩ እንደገና ይታያል። ይህ ከእኛ የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ጋር ስለሚመሳሰል ቤተሰብ ይረጋጋል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ዐቃቤ ሕግ ስልክ፣ ጉብኝትና ደብዳቤ የመከልከል ሥልጣን አለው። ጠበቃውም የመዝገቡን ይዘት ለቤተሰብ እንዳይናገር ሊታዘዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለአዋቂ ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠረት የሚቆይበት ጊዜ በመርሕ ከ9 ወር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልጁ ሳይደውል ሁለት ወር ካለፈ ጠፍቷል ወይም ተደብድቧል ከማለት በፊት ይህ ክልከላ መጣሉን በጠበቃው በኩል ማጣራት ነው። የስዊድን የመዝገብ ቁጥር በ«ቢ» ፊደል ከጀመረ ወንጀል ነው፤ በ«ቲ» ከጀመረ ፍትሐ ብሔር። የይግባኙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው፤ ፍርድ ቤቱ በወረቀቱ መጨረሻ ላይ ቀኑን ራሱን ይጽፈዋል፤ ይህን መልካም ልማድ ሌሎቹም ቢወስዱት።

ጣሊያን የይግባኙን ቀን ለመቁጠር እጅግ አስቸጋሪዋ ናት። 15፣ 30 ወይም 45 ቀን ሊሆን ይችላል፤ የሚወሰነው ዳኛው የፍርዱን ምክንያት ለመጻፍ በወሰደው ጊዜ ነው። ተከሳሹ በሌለበት ከተፈረደበት ይጨመርበታል። ስለዚህ ፍርዱ የተነበበበትን ቀን ብቻ ይዞ መቁጠር አይቻልም፤ ምክንያቱ መቼ ገባ የሚለው መታወቅ አለበት።

አጠቃቀም ላይ ጥቂት ነገር። ገጾቹ ጽሑፍ ብቻ ስለሆኑ በስልክ ዳታም ይከፈታሉ፤ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ረጋ ብሎ ማንበብ ግን ይሻላል፤ አንድ አገር ለመጨረስ ብዙ ገጽ መክፈት አለና። በእንግሊዝኛው አንብቡ። በማሽን ወደ አማርኛ መመለስ አደገኛ ነው፤ ፍሬ ነገሩን ከሥር የሚያየውንና በሕግ ነጥብ ብቻ የሚወሰነውን ሁለቱንም «ይግባኝ» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል፤ ጀርመን ላይ ልዩነቱ ምን እንደሆነ አይተናል። ከገጹ ግርጌ መጨረሻ የታደሰበት ቀን አለ፤ እሱን ሳታዩ አትመኑት። የመጀመሪያው ቋንቋ ተሻሽሎ ትርጉሙ ገና ያልደረሰበት ገጽ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ፖርታሉ ራሱ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ስፔን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2025 የወጣ ሕግ ነጠላ ዳኛ የሚያስችልባቸውን ፍርድ ቤቶች በየአካባቢው ወደ አንድ ፍርድ ቤት አዋሕዶ ክፍል በክፍል አድርጓቸዋል፤ ለውጡም በዚያው ዓመት በየደረጃው ገብቷል። የቀድሞውን ስም የያዘ ወረቀትና አዲሱን ስም የያዘ ወረቀት የአንድ መዝገብ ሊሆኑ ይችላሉ።

ትልቁ ቅሬታችን የጎደሉት አገሮች ናቸው። ፖርታሉ የኅብረቱ ስለሆነ ዘመድ የሚበዛባቸው እንግሊዝ፣ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ዘንድ አይደርስም። የብሪታንያን ጉዳይ በመንግሥቷ ድረ ገጽ ፈልጉ። እንግሊዝና ዌልስ አብዛኛው ጉዳይ የሚያልቀው በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ነው፤ ከሕዝብ የመጡ ሦስት ወይም ሁለት ሰዎች፣ አለዚያም አንድ ባለሙያ ዳኛ ይቀመጣል። ከባዱ ወደ ክራውን ኮርት ይሄድና 12 ዜጎች ይፈርዳሉ፤ መስማማት ካቃታቸው ዳኛው ምክክር ከጀመሩ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ካለፈ በኋላ በ10 ድምፅ እንዲወስኑ ሊፈቅድ ይችላል። እዚያ «ይከላከል» የምንለው ዓይነት ብይን አለ፤ ጥፋተኝነትና ቅጣትም ይለያያሉ፤ ከአህጉሩ ይልቅ ልደታን የሚመስለው እሱ ነው። ስኮትላንድ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ፍርድ ቤት ነው፤ ከሕዝብ የሚቀመጡትም 15 ናቸው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2018 ጁሪን (ዜጎች ብቻቸውን ጥፋተኝነትን የሚወስኑበትን ሥርዓት) አስቀርታ በይግባኝ ሰሚው ሁለት ዳኞችና አምስት ዜጎች አብረው እንዲወስኑ አድርጋለች። ስዊዘርላንድ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 በየካንቶኑ (በየክፍለ ግዛቱ) የተለያየ ሥነ ሥርዓት ነበራት፤ አሁን አንድ ነው። እዚያ የቅጣት ትእዛዙን የሚፈርመው ዳኛ ሳይሆን ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ነው፤ እስከ 6 ወር እስራት ሊጥል ይችላል፤ መቃወሚያው ደግሞ 10 ቀን ብቻ ነው። የጀርመኑን ሁለት ሳምንት በልቡ ይዞ የዙሪክን ወረቀት የሚያነብ ሰው አራት ቀን ይጎድለዋል።